መንታ ነው ሲባል፦ ዝም የሚባልበትና የማይባልበት ጊዜ

በሀገር ቤት ልማድ እርግዝና አይወራም። ሆድ ራሱ እስኪናገር ይጠበቃል። ጎረቤት ቢጠረጥርም አይጠይቅም፤ የጠየቀም እንደሆነ «ኧረ ጨጓራዬ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። የሰው ዓይን ይፈራል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያልጸና ነገር አውርቶ ኋላ ሁለት ጊዜ ማዘን ይፈራል። ሕፃን ሳይወለድ ልብስ መግዛትና አልጋ መዘርጋት ሟርት የሚመስላቸው እናቶች ዛሬም በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አፓርታማዎች ውስጥ ጥቂት አይደሉም።

አንድ ልጅ ላረገዘች ሴት ይህ ዝምታ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። መንታ ላረገዘች ግን ይጎዳል። በመንታ እርግዝና ዋና ዋናዎቹ ነገሮች የሚታወቁትና የሚወሰኑት ሆድ ገና ሳይገፋ ባሉት ወራት ነው፤ መጨረሻውም ሐኪሙ ከቆጠረው ቀን ቀድሞ ይመጣል። ጊዜው ከፊትም ከኋላም ያጥራል ማለት ነው።

ዝምታው ሁሉ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። በስድስተኛውና በሰባተኛው ሳምንት ሁለት ሆነው የታዩ ጽንሶች አንዳንድ ጊዜ በሦስተኛው ወር አንድ ሆነው ይገኛሉ። አንዱ ሳያድግ ይቀራል፤ ሌላው ብዙውን ጊዜ በጤና ይቀጥላል። እናቲቱ ባነሳችው ዕቃ ወይም በበላችው ምግብ የመጣ ነገር አይደለም። ስለዚህ ለማኅበሩና ለዕቁቡ ሁሉ ቶሎ አለማውራት አስተዋይነት ነው። ለሐኪም ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዝም አይባልም።

ወደዚያ ከመግባት በፊት ግን መንታ በተሰማበት ቤት ሁሉ የሚነሳውን ክርክር መጨረስ ይሻላል። «ከማን ወገን መጣ?» ይባላል። የባል እናት ከአዲስ አበባ ደውለው «በእኛ ዘር መንታ ሞልቷል» ይላሉ። ሳይንሱ ለአማት አልፈረደም። መንታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በአንድ ወር ሁለት እንቁላል ወጥቶ ሁለቱም ሲፀነሱ የሚመጣ ነው፤ እነዚህ በአንድ ቀን የተወለዱ እኅትና ወንድም ናቸው እንጂ ከዚያ ያለፈ መመሳሰል የላቸውም። ሁለት እንቁላል የምታወጣው ሴቲቱ ስለሆነች በዚህ ረገድ የሚቆጠረው የእሷ ዘር ነው። ባልየው ከወገኑ የወረሰው ነገር ቢኖር ለሚስቱ ሳይሆን ለሴት ልጁ ያስተላልፈዋል። ሁለተኛው ዓይነት አንድ የተፀነሰ እንቁላል ለሁለት ሲከፈል የሚመጣው፣ እናት እንኳ የምታሳስተው ተመሳሳይ መንታ ነው። ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ በማንም ዘር አይመካኝም፤ በዓለም ዙሪያ ከ1 ሺህ ወሊድ በ4 ያህሉ ይደርሳል።

ዕድሜም አስተዋጽኦ አለው። ሁለት እንቁላል የመውጣቱ ነገር ከ35 ዓመት በኋላ ይጨምራል። በዚህ አካባቢ የሚኖሩ ብዙ ሴቶች ደግሞ የሃያዎቹን ዕድሜ በወረቀት ጉዳይ፣ በማታ ትምህርት፣ በሁለት ሥራና ወደ ሀገር ቤት ገንዘብ በመላክ አሳልፈው ዘግይተው የሚወልዱ ናቸው። የመካንነት ሕክምናም አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ከ1 ሺህ ልጆች 19 ያህሉ መንታ ሆነው ይወለዱ ነበር፤ በ2014 ቁጥሩ ወደ 34 ገደማ ወጣ፤ በ2023 ወደ 31 ወረደ። የሦስትና የአራት መንታ ወሊድ ግን ከ1998 ወዲህ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። የሕክምናው ባለሙያዎች ብዙ ጽንስ በአንድ ጊዜ ማህፀን ውስጥ ማስቀመጥ እናትንም ልጆችንም እንደሚጎዳ ተረድተው እጃቸውን ስለሰበሰቡ ነው። ማሊያዊቷ ሐሊማ ሲሴ በሜይ 2021 ካዛብላንካ ላይ ዘጠኝ ልጆች በአንድ ቀን ስትገላገል ዓለም ተደነቀ። ዘጠኙም ተርፈዋል፤ ወደ ማሊ የገቡት ግን ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ስለዚህ እንቁላል የሚያበዛ ኪኒን በሰው እጅ አስልኮ፣ ሐኪም ሳያይ የሚውጥ ቢኖር ሦስትና አራት ሊመጣ እንደሚችል ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ሐኪሙ። በአልትራሳውንድ «ሁለት ናቸው» ሲባል ብዙ ባልና ሚስት ቀጥሎ የሚጠይቁት ወንድ ወይስ ሴት ብለው ነው። ከዚያ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ እንግዴ ልጃቸው አንድ ነው ወይስ ሁለት? የቀረው ሁሉ፣ የቀጠሮው ብዛትም ሆነ የመውለጃው ሳምንት፣ በዚህ መልስ ላይ ይቆማል። መልሱ ደግሞ በደንብ የሚታየው ከአሥረኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ ካለፈ ሽፋኖቹ እየሳሱ፣ ልጆቹም ቦታውን እየሞሉ ስለሚሄዱ የአልትራሳውንድ ባለሙያው ለመለየት ይቸገራል። በአምስተኛው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ዘንድ የቀረበች ሴት ያለፋት ይኸው ነው።

ለየብቻ እንግዴ ልጅ ያላቸው መንታዎች ይሻላሉ። አንድ እንግዴ ልጅ የሚጋሩት፣ ከአምስት የመንታ እርግዝና አንዱ ያህል የሚሆኑት፣ የደም ሥራቸው እርስ በርሱ ይገናኛል። ከእነዚህ ከመቶው ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ደም በብዛት መፍሰስ ይጀምራል፤ አንዱ ይጠወልጋል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል። ካልታከመ ሁለቱም ሊጠፉ ይችላሉ። በጊዜው ከተገኘ ግን በማህፀን ውስጥ እንዳሉ በሌዘር የደም ሥሮቹን መለየት ይቻላል። ለዚህ ነው አንድ እንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንታዎች ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ በአልትራሳውንድ የሚታዩት። «አሁንም አልትራሳውንድ? ኢንሹራንሱን ሊበሉት ነው» ብሎ ቀጠሮ መሰረዝ በዚህ ጉዳይ ላይ ከባድ ስሕተት ነው። በድንገት ሆድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተወጠረ ደግሞ ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ያኑ ቀን መደወል ነው።

ርብቃ ያዕቆብንና ዔሳውን ፀንሳ በማህፀኗ ሲገፋፉ በተሰማት ጊዜ ዝም አላለችም፤ ተነሥታ ልትጠይቅ ሄደች። ይህ ለልማዱ ተከራካሪዎች የሚቀርብ መልስ ነው።

ሌላው ቀድሞ መታወቅ ያለበት የደም ግፊት ነው። በመንታ እርግዝና የደም ግፊት ከፍ ብሎ ኩላሊትንና ጉበትን የሚጎዳው ሕመም በብዛት ይታያል። የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና መመሪያ በ2021 በታደሰው ምክሩ መንታ ያረገዘች ሴት ከ12ኛው ሳምንት በኋላ፣ ቢቻል ከ16ኛው በፊት ጀምራ፣ 81 ሚሊግራም አስፕሪን በየቀኑ እንድትወስድ ያሳስባል። በገዛ እጅ ከሲቪኤስ ገዝቶ የሚጀመር ሳይሆን ሐኪሙን «ለእኔ ይሆናል ወይ?» ብሎ ጠይቆ ነው። ከስድስተኛው ወር ወዲህ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከጎድን አጥንት ሥር በቀኝ በኩል ሕመም ከታየ በሻይ በዝንጅብል የሚታለፍ አይደለም።

ኢንሹራንስ የላትም ተብላ ቀጠሮዋን የምታዘገይ ሴት ብዙ ጊዜ የምታዘገየው ባለማወቅ ነው። ቨርጂኒያ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ፋሚስ ፕሪናታል በተባለው ፕሮግራም፣ ሜሪላንድም ከጁላይ 2023 ጀምሮ በሜዲኬይድ በኩል፣ ገቢያቸው ዝቅ ያለ ነፍሰ ጡሮችን የመኖሪያ ወረቀታቸው ምንም ይሁን ምን እንዲሸፈኑ አድርገዋል። እነዚህ ሕጎች ይለዋወጣሉ፤ በሚጠየቁበት ቀን ያሉበትን ሁኔታ የሚያውቁት ክሊኒኮቹ ናቸው። በሲልቨር ስፕሪንግ ቅርንጫፍ ያለው፣ በ1988 ለስደተኛ እናቶች ተብሎ ዲሲ ውስጥ የተቋቋመው ሜሪስ ሴንተር፣ በአሌክሳንድሪያ በኩል ደግሞ ኔበርሁድ ኼልዝ ኢንሹራንስ የሌለውን ሰው ያስተናግዳሉ። ስለ ወረቀት የሚሰጋ ሰው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቅ እንጂ ምግብ ቤት አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው አይጠይቅ።

ስለ አስተርጓሚም አንድ ቃል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ለታካሚው አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ በአካል ባይገኝ በስልክ ወይም በቪዲዮ። ባል ማስተርጎሙ ለሰላምታ ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን «እንግዴ ልጅ»፣ «የሽርት ውሃ» የሚባለውን በእንግሊዝኛ ማን ያውቀዋል? ያወቀውም ክፉ ወሬ ሲመጣ ለሚስቱ አለስልሶ ይነግራታል፤ የባሰበትም ጭራሽ ይደብቃታል።

ከሐኪም ቀጥሎ አሠሪ ነው። እንበል አንዲት ሴት ዲሲ ውስጥ በፓርኪንግ ጋራዥ ካሸር ናት፤ ወይም ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። በአምስተኛው ወር የመንታ ሆድ ከወሩ በላይ ገፍቶ ይታያል። ወገብ ይቆረጣል፣ እግር ያብጣል፣ ሽንት ቤት በየሰዓቱ ያስኬዳል። ብዙዎች ሥራቸውን እንዳያጡ ፈርተው ሰፊ ሹራብ ለብሰው ዝም ይላሉ። ከጁን 27 ቀን 2023 ወዲህ ግን 15ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛው የሥራ ሁኔታዋን ማመቻቸት እንዳለበት የፌዴራል ሕግ ያዛል፤ በርጩማ፣ ተጨማሪ ዕረፍት፣ ውሃ አጠገቧ ማስቀመጥ፣ ከባድ ዕቃ አለማንሳት፣ ለቀጠሮ መሄድን የመሳሰለ። አሠሪው ከፍተኛ ችግር እንደሚያመጣበት ካላስረዳ በቀር እምቢ ማለት አይችልም። ሕጉ የሚሠራው ግን ሲጠየቅ ነው። ያልተናገረችውን እርግዝና ማንም አሠሪ ሊያመቻችላት አይችልም። በጽሑፍ መጠየቅና ቅጂውን ማስቀረት ይበጃል።

ፈቃድን በተመለከተ በ1993 የወጣው የፌዴራል ሕግ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት አንድ ዓመትና 1,250 ሰዓት የሠራን ሰው 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ሥራው ተጠብቆለት እንዲቀመጥ ይፈቅዳል። ሁለት ልጅ ተወለደ ተብሎ 24 አይሆንም። ስለዚህ በ30ኛው ሳምንት ሥራ ያቆመች ሴት ከፈቃዷ ከፊሉን ልጆቹ ሳይወለዱ ልትጨርሰው ትችላለች፤ ቀድሞ ማስላት ያሻል። አብዛኛውን የሥራ ሰዓቱን ዲሲ ውስጥ ለግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ግን፣ ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ በ2020 በተጀመረው የዲሲ ፕሮግራም ለወላጅነት እስከ 12 ሳምንት የሚከፈል ፈቃድ፣ ነፍሰ ጡሯ ደግሞ ለሕክምና ቀጠሮ 2 ሳምንት መጠየቅ ይችላሉ። አባትም ጭምር! ብዙ አባቶች ይህን ሳያውቁ በሦስተኛው ቀን ሥራ ይገባሉ። ሜሪላንድ ያቀደችው ተመሳሳይ ክፍያ በ2025 በወጣ ሕግ ወደ 2028 ተላልፏል።

ስለ ምግብ «አሁን እኮ የምትበይው ለሦስት ነው» እየተባለ ጉርሻ ሲደራረብ ይታያል። ክብደቷ መካከለኛ ሆኖ ያረገዘች ሴት በመንታ ከ37 እስከ 54 ፓውንድ ብትጨምር ልክ ነው ይላል የ2009 መመሪያ፤ ቀድሞም ወፈር ያለች ከሆነች ከዚያ ያነሰ። የደም ማነስ በመንታ ይብሳል። ጤፍ፣ ምስር፣ ጎመን ብረት አላቸው፤ ነገር ግን ከምሳ ላይ ወዲያው አቦል ከተጠጣ ቡናው ብረቱን ያስቀረዋል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ ስኒ ይበቃል፤ ቶናና በረካ ለጠያቂዎቹ ይቅሩ። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ እስክትወልድ ድረስ አይሆኑም። ጾምን በሚመለከት ኦርቶዶክሷ ከንስሐ አባቷ ጋር በጊዜ ትነጋገር፤ በእስልምናም ለነፍሰ ጡር ማፍጠርና በኋላ መክፈል የተፈቀደ ነው። ዊክ የሚባለው የምግብ እርዳታ መንታ ላረገዘች ጨምሮ ይሰጣል፤ ሲመዘገቡ መንታ መሆኑን መናገር ነው።

«አልጋ ላይ ተኝተሽ ጠብቂ» የሚለው የድሮ ምክር አሁን ተትቷል። መተኛት ያለ ጊዜ መውለድን እንደማያስቀር ታይቷል፤ ደም በእግር ውስጥ እንዲረጋ ግን ያደርጋል።

አሁን ቀኑን እንቁጠር። ሐኪሙ መውለጃሽ ሴፕቴምበር 30 ነው ካላት፣ ይህ የ40 ሳምንት ቁጥር ነው። መንታ በአማካይ የሚወለደው 35ኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ ይህም ወደ ኦገስት 26 ማለት ነው። ሦስት መንታ ከሆነ 32ኛው ሳምንት ገደማ፣ ኦገስት መጀመሪያ ላይ ነው። ከመንታዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 37 ሳምንት ሳይሞላቸው ይወለዳሉ። ሁሉም ደህና ቢሆን እንኳ፣ የየራሳቸው እንግዴ ልጅ ያላቸውን በ38ኛው ሳምንት፣ የሚጋሩትን ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ማዋለድ የተለመደ ነው። ስለዚህ እናቷን ለአራስነት ከአዲስ አበባ የምታስመጣ ሴት ቲኬቱን በሴፕቴምበር መጨረሻ ከቆረጠች አያት የሚደርሱት የአንድ ወር ልጆች ዘንድ ነው። ቪዛውም በእጅ የገባ ነገር አይደለም፤ ኤምባሲው እንደ መለሳቸው ተቆጥሮ ሌላ ሰው መታሰብ አለበት። የቅዱስ ሚካኤል ማኅበርተኛ፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ፣ ከታች ፎቅ ያለችው ኤርትራዊት ጎረቤት፣ ማንም ይሁን። በ28ኛው ሳምንት ስማቸው ተጽፎ ፍሪጅ ላይ ቢለጠፍ ሟርት አይደለም።

ስለ አወላለዱ «መንታ ከሆነ ኦፕራሲዮን ነው» የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው። በ2013 የወጣ፣ በ25 አገሮች 2,804 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ የመጀመሪያው ልጅ በጭንቅላቱ የመጣ እንደሆነ አስቀድሞ የታቀደ ቀዶ ሕክምና በምጥ ለመውለድ ከማቀድ የተሻለ እንዳልሆነ አሳይቷል። ሁለተኛው ልጅ ግን ቦታ ሲያገኝ ሊዞር ስለሚችል ወሊዱ ቀዶ ሕክምና በቅርብ ባለበት ክፍል መሆን አለበት። ምጥ ከ34ኛው ሳምንት በፊት ካስፈራራ የልጆቹን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ አለ፤ ሙሉ ጥቅም እንዲሰጥ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። «ይለፍልኝ ይሆናል» ብላ ቤት የምታድር ሴት የምታጠፋው ያንን ቀን ነው።

ቀድመው የተወለዱት ማሞቂያ ውስጥ ይገባሉ። በሲልቨር ስፕሪንግ ሆሊ ክሮስ፣ በአሌክሳንድሪያ ኢኖቫ አሌክሳንድሪያ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ የከበደው ወደ ኢኖቫ ፌርፋክስ ወይም ዲሲ ወዳለው ችልድረንስ ናሽናል ይላካል። እናት ባዶ እጇን ወደ ቤት ትመለሳለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የመጣ ሰው «ልጆቹስ?» ሲል መልስ ያጥራታል። በዚያን ጊዜ የሚያስፈልጋት ገንፎ የያዘ ሠላሳ ሰው ሳይሆን በየቀኑ ሆስፒታል የሚያደርሳት አንድ መኪና ነው። ሐኪሙ በፈቀደ ጊዜ ልጁን ደረቷ ላይ ገላ ለገላ ማቀፍ፣ በ1978 ቦጎታ ላይ የተጀመረው ዘዴ፣ ክብደት ያስጨምራል፤ አባትም ያቅፋል። እንገሩ አይደፋም። ጠብ ጠብ የምትለው ቢጫ ወተት ላልደረሱ ልጆች አንጀት መድኃኒት ናት፤ መጥባት እስኪችሉ በፓምፕ እየታለበች ትወሰድላቸዋለች፤ ፓምፑንም አብዛኛው ኢንሹራንስ ይከፍላል። ቅቤ ማላስና ውሃ ማቅመስ የተባለው ግን ለእነዚህ ልጆች አደገኛ ነው፤ አያት ቢቆጡም።

ክርስትናው ላይ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲሆን አንድ ወንድ አንድ ሴት የሆኑት መቼ ይነሡ የሚለውን ካህኑ ይፍቱት። ሕይወታቸው የሚያሰጋ ከሆነ ግን ከቀኑ በፊት ማጥመቅ በቤተ ክርስቲያን የታወቀ ሥርዓት ነው፤ ቄሱን ሆስፒታል መጥራት ይቻላል።

ልጆቹ ሲለቀቁ ሁለት የመኪና ወንበር ያስፈልጋል። በአንዱ ተራ በተራ አይሆንም። ቤት ከገቡ በኋላ ሁለት አራስ በየሦስት ሰዓቱ ሲጠቡ ሌሊት የሚባል ነገር ይጠፋል። እሑድ ቀን ተሰብስቦ መጥቶ ቡና ተፈልቶለት የሚሄደው ጠያቂ፣ ቢቻለው ማክሰኞ ሌሊት ከ10 ሰዓት እስከ ንጋት ብቻውን ይምጣና እናቲቱን ያስተኛት።